ግድግዳው ግድግዳ ነው ያለው ማነው?

ባባ በግ ይሁን ጥንቸል እስካሁን አልተስማማንም። ነጭ ነው፤ ጆሮ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ራሱ ላይ ቆመዋል፤ ሲሄድ ዱብ ዱብ ይላል። የእህቴ ልጅ በግ ነው ይላል፣ እኔ ጥንቸል ነው እላለሁ። ጨዋታው በዚህ ላይ ምንም አይልም። ስለ ባባ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባባ አንተ ነህ።

«ባባ ኢዝ ዩ» የጌሙ ስምም ነው፣ የመጀመሪያው ሕጉም ነው። ለዓይን ብዙ የሚያጓጓ ነገር የለውም። ሥዕሉ ልጅ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሞነጫጨረው ይመስላል። ጥይት የለም፣ መኪና የለም፣ እየተነተነ የሚያወራ ሰው የለም። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። መብራት ሄዶ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ በሆነበት ማታ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችን ስክሪኑ ላይ ተደፍተን ያመሸንበት ቀን ጥቂት አይደለም። ውጭ አገር ያለ ጓደኛዬ ነው ገዝቶ የሰጠኝ። መጀመሪያ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ በስጦታ ቀልዶብኛል ብዬ ነበር።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ የእንቆቅልሽ ጌሞች እንደምወድ የሚያውቁ ሰዎች («አንተ ትልቅ ሰው አይደለህም እንዴ?» ካሉ በኋላ) ምኑ ነው የሚጥምህ ይሉኛል። በአንድ አፍ ልመልስ ብዬ ሞክሬ አላውቅም። እስቲ እዚህ ልሞክር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ ግድግዳ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ባንዲራ አለ። ከእነሱ ጎን ደግሞ ቃላት አሉ፤ እያንዳንዱ ቃል በአንድ ጡብ ላይ ተጽፏል። ሦስት ጡቦች ሲደረደሩ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ ዓረፍተ ነገሩም ሕግ ነው። በአማርኛ ብመልሰው፦ ግድግዳ ከልካይ ነው። ድንጋይ ተገፊ ነው። ባንዲራ ድል ነው። ባባ ግድግዳውን ማለፍ የማይችለው ግድግዳ ስለሆነ አይደለም፤ «ግድግዳ ከልካይ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አንድ ቦታ ስለተጻፈ ነው። ቃላቱም እንደ ድንጋዩ ይገፋሉ። ባባ ሄዶ «ከልካይ» የሚለውን ጡብ አንድ እርምጃ ገፋ ካደረገው ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል፤ ደምቀው የነበሩት ቃላት ይደበዝዛሉ። ግድግዳው እዚያው ነው፣ አልፈረሰም፣ አልጠፋም። ግን እንደ ጭስ ታልፍበታለህ።

የመጀመሪያው ሌቭል ይህን አይነግርህም። ድንጋዩን ገፍተህ ባንዲራው ጋ ትደርሳለህ፣ አሸነፍክ ይልሃል፣ በቃ። እንደ ማንኛውም ጌም ነው። ቀጥሎ ያለው ላይ ግን ባባ በግድግዳ ተከቧል። የእህቴ ልጅ ግድግዳውን ዙሪያውን አንድ በአንድ እየነካ፣ ክፍተት አለ ብሎ ሁለት ጊዜ ዞረ። «ጋሼ፣ ይሄ ጌም ተበላሽቷል» አለኝ። አጠገቡ ሦስት ቃላት ተደርድረዋል። ያያቸዋል፣ ግን አያነባቸውም፤ እንደ ማስታወቂያ ነው የቆጠራቸው። አስታውሳለሁ፣ እጄን ጭኔ ስር ከትቼ ነው የተቀመጥኩት።

እጅን ጭን ስር መክተት እዚህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ።

ይህን የሠራው አርቪ ቴይካሪ የሚባል ፊንላንዳዊ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ኖርዲክ ጌም ጃም በሚባለው፣ ተወዳዳሪዎች በ48 ሰዓት ውስጥ አንድ ጌም ሠርተው በሚያቀርቡበት ዝግጅት ላይ ነው የመጀመሪያውን ቅርጽ ያወጣው። የዚያ ዓመት ርዕስ «እዚያ የሌለ» እንደማለት ነበር። ቴይካሪ ከማፍረሻዋ ቃል ተነሳ። እሳተ ገሞራ ውስጥ የገባ በረዶ፣ «በረዶ አይቀልጥም» የሚል ዓረፍተ ነገር አጠገቡ ስላለ ብቻ ሳይቀልጥ ሲቀር ታየው። ውድድሩን አሸነፈ። በ2018 ገና ለገበያ ሳይወጣ ኢንዲፔንደንት ጌምስ ፌስቲቫል ላይ በንድፍና በተማሪ ሥራ ዘርፎች ተሸለመ። ለሽያጭ የቀረበው ግን በ2019 መጋቢት ነው። ሐሳቡ ሁለት ቀን፣ ጌሙ ሁለት ዓመት። ትንሽ ነው ማለት በችኮላ የተሠራ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ያምታታል።

ሁለቱ ዓመት የት ገባ ብትሉ፣ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑት ሌቭሎች ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ጌሞች በመቶ የሚቆጠር ሠራተኛ አላቸው፣ ከተማ ይሠራሉ፣ ፈረስ ይሠራሉ፣ የፈረሱን ጋማ ፀጉር በፀጉር ይሠራሉ። እኔም ተጫውቼ አይቻለሁ፣ ያምራል። ግን ከአሥር ሰዓት በኋላ ያ ሁሉ አገር የሥራ ዝርዝር ይሆንብኛል፤ ይህን አድርስ፣ ያንን አምጣ። ትንሹ ጌም አንዲት ሐሳብ ብቻ ናት ያለችው። መሬቱ ጠባብ የሆነ ገበሬ ጥጋጥጉን ሳይቀር እንደሚያርስ፣ ያቺኑ ሐሳብ ከዚህም ከዚያም ይገለብጣታል። ዓረፍተ ነገር ቢፈርስስ? ድንጋይ ባንዲራ ነው ቢባልስ? (ድንጋዮቹ ሁሉ እዚያው ባንዲራ ይሆናሉ።) ግድግዳው አንተ ነህ ቢባልስ? ያኔ ግድግዳው ሁሉ ባንዴ፣ እንደ ሰልፈኛ፣ በእጅህ ይንቀሳቀሳል። «ባባ አንተ ነህ» የሚለውን ራሱን ብትሰብረውስ? ሙዚቃው ይቆማል። ባባ እዚያው ቆሟል፤ አንተ ግን የለህም። የትኛውንም ቁልፍ ብትጫን የሚሰማህ የለም። እንዴት ያለ ዝምታ መሰላችሁ! ልጁ መጀመሪያ ቀን እዚያ ሲደርስ ዘወር ብሎ እኔን አየኝ፤ የሰበረው ላፕቶፑን መስሎት ነበር።

ከእሱ በፊትም መንገዱን የጠረጉ አሉ። በ1982 ጃፓን ውስጥ የወጣው ሶኮባን የዚህ ሁሉ አያት ነው። ስሙ የመጋዘን ጠባቂ ማለት ነው፤ ሥራውም ሣጥን እየገፉ ቦታው ማድረስ። ሕጉ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ሣጥን ይገፋል እንጂ አይጎተትም። በዚህች አንዲት ክልከላ ምክንያት ማእዘን ውስጥ የገባ ሣጥን እስከ ወዲያኛው አይወጣም። አለን ሄዝልደንና ጓደኞቹ በ2020 ያወጡት «ኤ ሞንስተርስ ኤክስፔዲሽን» ደግሞ ዛፍ እየገፉ ጥለው፣ ግንዱን እያንከባለሉ በደሴቶች መካከል ድልድይ መሥራት ነው። ቃል የሚባል ነገር አያስፈልገውም፤ ሕጉን ግንዱ ራሱ ያስተምርሃል። ሁሉም ላይ የምወደው አንድ ዓይነት ጨዋነት አለ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ በምክንያት ነው ያለው። ጥግ ላይ አንዲት ድንጋይ ካለች፣ ሠሪው ሊያነሳት ሞክሮ ሳትነሳ ቀርታ ነው። የተደበቀ ነገር የለም። የምትፈልገው መልስ ሙሉ በሙሉ ዓይንህ ፊት ተቀምጦ አንተ አላየኸውም።

እዚህ ላይ ከእኛው እንቆቅልሽ ጋር ይለያያል። ልጆች ሆነን «እንቆቅልህ» ሲሉን «ምን አውቅልህ» ብለን የምንቀመጥበት ጨዋታ መልሱ ጠያቂው ኪስ ውስጥ ነው። ብታውቅ ታውቃለህ፣ ባታውቅ አገር ትሰጣለህ። ጎንደርን ስጥተን፣ ሐረርን ሰጥተን፣ አንዳንዴ «ይሄ ትንሽ ነው፣ ሌላ ጨምር» እየተባልን ነው ያደግነው። ያገኘው ሰው አገሩ ገብቶ በልቶ ጠጥቶ፣ እኛን አሽሟጥጦ፣ መጨረሻ ላይ መልሱን ይነግረናል። ደስ ይላል፣ አልክድም፤ ግን ደስታው ከመቀመጡና ከማሽሟጠጡ ነው። መልሱ ሲነገርህ «እ፣ እሱ ነው?» ትላለህ እንጂ ከውስጥህ የሚሰበር ነገር የለም። ባባ ላይ የሚሰበር ነገር አለ። የሚሰበረው ደግሞ አንተ ራስህ ሳታስበው የያዝከው እምነት ነው። ግድግዳ አያሳልፍም። ለማሸነፍ ባንዲራው ጋ መድረስ አለብኝ። እኔ ማለት ይህ ነጭ ፍጥረት ነው። ማን ነገረህ? ማንም።

የእህቴ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ይወስዳል። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ አሁንም ነው፤ ግን ከአምስተኛ ክፍል ገደማ ጀምሮ አንድ ነገር ያዘው። ስህተት የመለሰ ልጅ ሰሌዳው ጋ ቆሞ እንዲቆይ የሚያደርግ አንድ መምህር ነበር። ስሙን ማንሳት አያስፈልግም፤ ብዙዎቻችን አንድ እንደዚህ ያለ መምህር አለን። ከዚያ ወዲህ ልጁ የማያውቀውን ጥያቄ ባዶ ይተዋል። ይሞክራል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ባዶ። እናቱ ደብተሩን ስትገልጥ ከቀይ ኤክስ ይልቅ ነጭ ወረቀት ነው የምታየው። ቤት ውስጥም እንዲሁ ሆነ። ሻይ ሲያፈላ «ስንት ማንኪያ?» ይላል፤ ስንት ጊዜ እንዳፈላ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ።

ጌሙንም እንደዚያው ነበር የጀመረው። ጡብ አጠገብ ይደርስና ይቆማል፤ «ልግፋው?» ይለኛል። በአንድ ሌቭል ሃያ ጊዜ «ልግፋው?» ማለት ምን እንደሚመስል አስቡት። እኔም «እኔ ምን አውቃለሁ» እላለሁ።

ባባ ኢዝ ዩ ላይ አንድ ቁልፍ አለ፤ ስትጫነው የመጨረሻዋ እርምጃ ትመለሳለች። ደግመህ ስትጫን ከዚያ በፊት ያለችው። እስከ ሌቭሉ መጀመሪያ ድረስ፣ አንድ በአንድ፣ ያለ ገደብ። ነጥብ አይቀንስብህም፣ «ሦስት ሕይወት ቀርቶሃል» አይልህም፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ ወይ ብር ክፈል አይልህም። ስልክ ላይ በነፃ የሚወርዱት ብዙዎቹ ጨዋታዎች ገንዘባቸውን የሚያገኙት ከዚህች ከመጨነቂያህ ሰዓት ነው፤ ስትጣበቅ ይመጡልህና መላ ይሸጡልሃል። ለእኔ ይህ የጨዋታን ምንነት መገልበጥ ነው። መጣበቅ ዋናው ምግቡ እኮ ነው። እሱን ከሸጥክልኝ ምን ልበላ ነው?

ያቺ የመመለሻ ቁልፍ ልጁን ያስለመደችው ቀስ ብላ ነው። መጀመሪያ የተጫናት ሙዚቃው በቆመ ጊዜ ነው፤ ባባ ነፍስ ዘራ፣ ሙዚቃው ተመለሰ፣ ልጁም «አልተበላሸም!» አለ። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ «ልግፋው?» እያጠረች መጣች። እያወቀ ማበላሸትን ተማረ፤ «እስቲ ይሄን ልስበረውና ልየው» ይላል። ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ከትቶ፣ ቁልፉን አጥፍቶ፣ ባባን ራሱን አሰምጦ፣ ሁሉንም መልሶ። የሚያሳዝነኝ የወረቀት ደብተር እንዲህ ያለ ቁልፍ ስለሌለው አይደለም፤ ላጲስ እኮ አለ። ላጲስ ያስነውራል ብሎ የነገረው ሰው ስላለ ነው።

ስለ አንዱ ሌቭል ልንገራችሁ፣ ዝርዝሩን ሳልናገር፤ ገና ያልተጫወተ ሰው አለ። ባንዲራው አይደረስበትም። ልጁ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ወደ ባንዲራው መንገድ ሲፈልግ ቆየ። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። ዓረፍተ ነገሮቹ ወደ ጎንም ወደ ታችም እንደሚነበቡ፣ ልክ እንደ መስቀለኛ ቃላት፣ እሱም ያውቃል። «ባባ» የሚለው ጡብ ወደ ጎን «ባባ አንተ ነህ» ብሎ እየሠራ፣ ወደ ታች ደግሞ ሌላ ዓረፍተ ነገር ሊጀምር ይችላል። አፌ ላይ መጥቶ ስንት ጊዜ ዋጥኩት! ለልጅ ብዙ ነገር መስጠት ይቻላል፤ ጫማ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የላፕቶፕ ባትሪ። ይህቺን ግን መስጠት አይቻልም፤ ስትሰጠው እጁ ላይ ሌላ ነገር ትሆናለች። ዩቲዩብ ላይ የሁሉም ሌቭል መልስ አለ፣ እሱም ያውቃል። አንድ ጎረቤት ልጅ መጥቶ ከፍቼ ላሳይህ ሲለው «አይ፣ ተወው» ሲል ከጓዳ ሰምቼዋለሁ። ለምን እንዳለ አልጠየቅሁትም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ቁልፍ ሳይነካ፣ ብዙ ቆየና፦

«ጋሼ፣ ባንዲራው እኮ አያስፈልግም።»

(በዚህ አገር ይህን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ መናገር አይመከርም፤ እሱ ግን የጌሙን ባንዲራ ነው።) ጡቦቹን እየገፋ ከ«ባባ» በታች «ነው»ን፣ ከ«ነው» በታች «ድል»ን አሰለፈ። ባባ ድል ነው። የትም ሳይሄድ፣ የቆመበት ቦታ ላይ፣ ሌቭሉ አለቀ። አልጮኸም፣ አልዘለለም። ወደ ኋላ ተደግፎ ለብቻው ፈገግ አለ። እንዲህ ያለውን ፈገግታ በሁለት ዓመት ውስጥ ፊቱ ላይ አላየሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ በአማርኛ እንሥራው አለኝ። የብስኩት ካርቶን ቆራርጠን ቃላት ጻፍንበት። ወዲያው ችግር ገጠመን። የእንግሊዝኛው «ኢዝ» አንድ ጡብ ነው፤ ለባባም ለግድግዳም ለአንተም ያገለግላል። የእኛው ይለዋወጣል፤ ባባ እኔ ነኝ፣ ባባ አንተ ነህ፣ እናቱ ስትጫወት ባባ አንቺ ነሽ። ለአንድ ጡብ ስንት ጡብ ሊቆረጥ ነው? ልጁ መላ አገኘለት፤ «ባባ ተጫዋች ነው» እንበል አለ። በቃ፣ ሁሉም በ«ነው» ታሰረ። ሁለተኛው ነገር ግን መላ የሚፈልግ ችግር አልነበረም፤ ሌላ ጨዋታ ሆኖ ነው ያገኘነው። በእንግሊዝኛው ማሠሪያው መሐል ላይ ነው። የእኛ ማሠሪያ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ግድግዳ ከልካይ…» ብለህ ልትቆም ትችላለህ፣ ሰሚው ይጠብቅሃል፤ «ነው» ልትል ይሆናል፣ «አይደለም» ልትል ይሆናል። በእንግሊዝኛው ሕጉን ለመካድ ተጨማሪ ጡብ መሐል መሰንቀር አለብህ። በእኛ የመጨረሻዋን ጡብ በሌላ መተካት ይበቃል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ባንዴ ይገለበጣል። አማርኛ የሚያወራ ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ መደመጥ ያለበት ለዚህ ነው መሰለኝ። አንዱ ጡብ ለሁለት ዓረፍተ ነገር ሲያገለግል ደግሞ የቅኔውን ኅብረ ቃል አስታወሰኝ፤ አንድ ቃል፣ ወዲህ ሲያነቡት ሰም፣ ወዲያ ሲያነቡት ወርቅ። ይህን ለልጁ ስነግረው «እሱ አማርኛ ክፍል ነው፣ ይከብዳል» አለኝ። እሺ ብዬ ተውኩት።

የካርቶኑ ጌም አንድ ጉድለት አለው፤ ዳኛ የለውም። ኮምፒውተር አያዳላም፤ ሕጉን ከቀየርክ ተቀየረ ነው። ካርቶን ላይ ግን «እሱ አይቆጠርም» የሚባል ነገር ይመጣል፤ በተለይ እህቴ ስትገባበት።

እህቴ እስካሁን አልተዋጠላትም። ፈተና ደርሷል፣ በሥራ ቀን ጌም የለም፣ ቅዳሜና እሁድ ሁለት ሰዓት። ልክ ናት አይደለችም የሚለው ላይ አልገባም፤ ልጇ ነው። ውጤቱም በአንድ ጊዜ አልተለወጠም። ሒሳቡ አሁንም ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ባለፈው ያመጣው ወረቀት ላይ ግን ባዶ ቦታ አልነበረም። ሰባት ቀይ ኤክስ ቆጠርኩ። እናቱ በኤክሱ ብዛት ተናደደች፣ እኔ አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ ሁለቱ ላይ መንገዱ ልክ ነበር፣ መደመሩን ነው የሳተው።

ጌሙ ላይ ሰው የራሱን ሌቭል የሚሠራበት ክፍልም አለ። ልጁ ሰሞኑን አንድ ሠርቶ አቀረበልኝ። ትንሽ ክፍል ናት፤ አንድ ባባ፣ ሁለት ድንጋይ፣ ስምንት ቃል። ባንዲራም አለ፤ እንዳስፈላጊነቱ ገና አልገባኝም። እሁድን ጨረስኩባት፣ ሰኞ ማታ በድብቅ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ማክሰኞ ቁርስ ላይ አሸነፍከኝ፣ አገር ልስጥህ አልኩት። ባሕር ዳርን ከነጣናው አቀረብኩ።

ዳቦውን እያላመጠ ራሱን ነቀነቀ። «አልፈልግም ጋሼ። ሁሉም ነገር ስክሪኑ ላይ አለ።»